የመርካቶ አባቶች የተወለዱበት ዘመን

በመርካቶ ሱቅ ከፍቶ የሚነግድ ሰው የዘር ሐረጉን እንዲቈጥር ቢጠየቅ፣ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ ሰባት ቤት፣ አንዳንዱም ከዚያ አልፎ፣ ሳይደናቀፍ ይቈጥራል። «አያትህ በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» የሚል ጥያቄ ሲከተል ግን ቆጠራው ይቆማል። ስሙ ተጠብቆ ሳለ ዘመኑ ጠፍቷል። ይህ ጉድለት ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ነገር ይታለፋል፤ ዳሩ ግን አንድ ሰው ጡረታ የሚወጣበትን ዕለት፣ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ የሚጠየቀውን ማስረጃ፣ በወራሾች መካከል ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደ ሆነ የሚነሣውን ክርክር የሚወስነው ይኸው የጠፋው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጠፋ ደግሞ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ የጽሕፈት ቤት ግምት ይገባበታል። ግምቱ በማኅተም ከተመታ በኋላ እንደ እውነት ይኖራል።

አባቶች ዘመናቸውን አልመዘገቡም የሚለው አባባል በስፋት ይነገራል። ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን መዝግበዋል፤ የመዘገቡት በቁጥር ሳይሆን በነገር ነው። ነገሩን ወደ ቁጥር ለመመለስም ከድሮ የወረሰነው የአቈጣጠር ጥበብ ከታሪክ መዝገብ ጋር ሲጣመር ከሚታሰበው በላይ ይረዳል።

የገበያው ሕዝብና መዝገቡ

እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ነጩንና ጥቁሩን በሠፈር የሚለይ ዕቅድ አወጣ፤ አራዳን ለራሱ ሰዎች አስቀርቶ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። «መርካቶ» የሚለው ስም ጣሊያኖች «የአገሬው ገበያ» ብለው ካወጡለት መጠሪያ የተረፈ ቃል ነው። ሠፈሩም አዲስ ከተማ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጎጃም፣ ከሐረር፣ ከየመንም ሳይቀር የመጣ ነጋዴ በየተራው ገባ። የታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እዚያው ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ።

ይህ ሕዝብ ከያለበት ሲመጣ የልደት ወረቀት ይዞ አልመጣም። ሕጉም ቢሆን ዘግይቶ የደረሰ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም፣ በዚያው ሕግ ቁጥር 3361 የመዝገቡ ሥራ ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዲቆይ ተደረገ። ለአገሪቱ በሙሉ የሚሠራ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የታወጀው በዐዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን፣ ሥራው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በመርካቶ የሚገኘው የቀድሞ መዝገብ ለልደት ተብሎ የተያዘ ሳይሆን ለሌላ ጉዳይ ተጽፎ ልደትን በጎን የሚናገር ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያው የሃይማኖት መዝገብ ነው። ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ የጥምቀቱ ቀን በታወቀ ጊዜ ወደ ኋላ ቈጥሮ የልደቱን ቀን ማግኘት ይቻላል። ማንበብ በሚችሉ ቤተ ሰቦች ዘንድ የልጅ ልደት በዳዊት መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ላይ፣ በእስላሞችም ዘንድ በቁርኣን መጨረሻ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የናይባና የቃዲ ምክር ቤቶች በዐዋጅ ቁጥር 62/1936 ከታወቁ ወዲህም ኒካሕና ውርስ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ፊት ሲቀርቡ ዘመንና ዝምድና አብረው ይጻፋሉ።

ሁለተኛው የማኅበር መዝገብ ነው። የእድር መዝገብ አባሉ የገባበትን ቀን፣ የቤተ ሰቡን ስምና የሟቹን ዕለት ይይዛል። ሦስተኛው የመንግሥት ወረቀት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ለመንግሥት ካደረገና ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ፣ በመርካቶ የሚኖረው ሁሉ ስሙንና ዕድሜውን በቀበሌ አስመዘገበ። ብዙ ሽማግሌ ዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር የተጻፈው በዚያን ጊዜ ነው።

በነገር የተመዘገበ ዘመን

የቅየሳ ሥራ የሚያውቅ ሰው ከፍታው በእርግጥ የታወቀ ነጥብ ሳያገኝ ሥራውን አይጀምርም። የልደት ዘመንን ለሚፈልግም እንዲህ ያሉ የማይነቃነቁ ነጥቦች በታሪክ ውስጥ ተተክለዋል። የከብት እልቂት ያስከተለው ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888፣ የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ጥቅምት 23 ቀን 1923፣ የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928፣ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ የካቲት 12 ቀን 1929፣ የንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ናቸው።

ተፈጥሮም የራሱን ነጥብ ተክሏል። ጭራ ያለው ኮከብ ታየ የሚባልበት 1902 ዓ.ም. በጥር አንድ፣ በሚያዝያና በግንቦት ሌላ፣ ሁለት ጅራታም ኮከቦች የታዩበት ዓመት ነው፤ ሁለተኛው በየ76 ዓመቱ ገደማ የሚመለሰው የሃሌይ ኮከብ ነው። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥም ዘመኑ የታወቀ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ጽሑፍ እየለቀሙ በዘመን አስቀምጠውታል። የእርሳቸው አሠራር የአያቱን ልደት ለሚፈልግ ሰው ትምህርት የሚሰጥ ነው፤ አንድ ምስክር ብቻውን አይታመንም፣ ሁለትና ሦስት የማይተዋወቁ ምስክሮች ሲስማሙ ግን ቀኑ ይጸናል።

ነጥቡ ከታወቀ በኋላ ከነጥቡ እስከ ልደቱ ያለው ርቀት ይለካል። ለዚህም መለኪያው የሰው ገላና የኑሮ ደረጃ ነው። «ጡት ያልጣለ» የተባለ ልጅ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት አያልፍም፤ «ድክ ድክ የሚል» አንድ ዓመት ገደማ ነው፤ «የወተት ጥርሱን የነቀለ» ከስድስት እስከ ስምንት፣ «ለጥጃ ጥበቃ የደረሰ» እንዲሁ በዚያው አካባቢ ይገመታል። እናት ልጅዋን ሁለት ዓመት ያህል ስለምታጠባ፣ ተከታታይ ወንድማማቾች ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ዓመት ይበላለጣሉ። ስምም ይመሰክራል፤ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የተባሉት ከሐዘን በኋላ የተወለዱ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ስለዚህ በዚያ ቤት አስቀድሞ የሞተው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ይሁን እንጂ ነጥቦቹ ሁሉ እኩል አይታመኑም። «በጣሊያን ጦርነት ተወለደ» የተባለ ሰው የዐድዋ ወይም የማይጨው ልጅ ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ መካከል 40 ዓመት አለ። «ጣሊያን ሲገባ»፣ «በጣሊያን ጊዜ»፣ «ጣሊያን ሲወጣ» የሚሉትም ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው 1928፣ የመጨረሻው 1933፣ የመካከለኛው አምስቱን ዓመት በሙሉ ያቅፋል። ከሁሉ የሚያሳስተው «ምኒልክ ሲሞቱ» የሚለው ነው። ዐፄ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ቢሆንም፣ አስቀድመው ለዓመታት በሕመም ከሥራ ርቀው ነበር፤ ሞታቸውም ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ ቆይቷል። በሩቅ አገር የነበረ ገበሬ ወሬውን የሰማው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተናጋሪው ነገሩን የሰማው መቼና የት እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ዘመኑ አይቀመጥም።

ሦስቱ አቈጣጠሮች

በመርካቶ ሦስት የዘመን አቈጣጠር በአንድ በረንዳ ላይ ይገናኛሉ። የአብዛኛው ስሕተት ምንጭም ይኸው ነው። የኢትዮጵያን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለመመለስ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። በአንዱ ወረቀት በኢትዮጵያ፣ በሌላው በፈረንጅ የተጻፈ ዓመት ያለ ምልክት ሲቀመጥ፣ አንድ ሰው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል ወይም ወጣት ይሆናል። ቀኑና ወሩ ባልታወቀ ጊዜም ጸሐፊው ጃንዋሪ 1 ወይም መስከረም 1 ብሎ ስለሚሞላ፣ በእንዲህ ያለ ቀን የተወለደ ሰው ሲገኝ የተጻፈው ዓመትም ግምት መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

የሂጅራ ዓመት ከ354 ቀን ጥቂት የሚበልጥ በመሆኑ 33 የሂጅራ ዓመት 32 የፀሐይ ዓመት ያህላል። ዕድሜያቸውን በረመዳን ቈጥረው 66 ዓመቴ ነው የሚሉ ሽማግሌ በኢትዮጵያ አቈጣጠር 64 ዓመታቸው ነው። የሂጅራውን ዓመት በ0.97 አባዝቶ 614 መደመር ከአንድ ዓመት በማይበልጥ ልዩነት የኢትዮጵያን ዓመት ይሰጣል። ለምሳሌ 1337 ሂጅራ በዚህ መንገድ 1911 ዓ.ም. ገደማ ይሆናል። በእርግጥም የኅዳር በሽታ በእስላሞች አቈጣጠር የዋለው በ1337 ዓመተ ሂጅራ በሶፈር ወር ነው። በአንድ የቁርኣን ገጽ ላይ በዚያ ወር ሦስትና አራት የሞት ቀን ተከታትሎ ቢገኝ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ባሕረ ሐሳብ የሚሰጠው የዕለት ማረጋገጫ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ከክፍያው የተገኘው ድርሻ መጠነ ራብዒት ይባላል። ዓመተ ዓለሙና መጠነ ራብዒቱ ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ፣ 1 ቢተርፍ መስከረም 1 ቀን ማክሰኞ፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ ሄዶ 6 ቢተርፍ እሑድ፣ ምንም ባይተርፍ ሰኞ ይውላል። በዐድዋ ዓመት ቢፈተን፣ 7388 እና 1847 ተደምረው 9235 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ የ1888 ዓ.ም. መስከረም 1 ረቡዕ ነበረ። ከዚያ እስከ የካቲት 23 ያለው 172 ቀን ነው፤ ይህም 24 ሳምንት ከ4 ቀን ስለ ሆነ ዕለቱ እሑድ ይሆናል። ታሪክም ዐድዋ በጊዮርጊስ ዕለት እሑድ ቀን መዋሉን ይመሰክራል።

አንድ ምሳሌ

የዚህን አሠራር ጥቅም ለማሳየት በመርካቶ ዘወትር የሚያጋጥሙ ማስረጃዎችን በአንድ ሰው ላይ ሰብስቦ ማየት ይበቃል። ሰውየው ከጉራጌ አገር በእግራቸው መጥተው በአራዳ ተሸካሚ የነበሩ፣ ገበያው ሲዛወር አብረው ወደ አዲስ ከተማ ወርደው የጨርቅ ነጋዴ የሆኑ ናቸው እንበል። በ1968 ዓ.ም. የተሰጣቸው የቀበሌ ወረቀት ዕድሜያቸውን 70 ይላል፤ ይህም ልደታቸውን ወደ 1898 ይወስደዋል። ለንግድ ወደ ዓደን በሄዱ ጊዜ የተሠራው የጉዞ ወረቀት ግን የተወለዱበትን ዓመት 1911 ይላል። ልጆቻቸው ይህንን በኢትዮጵያ አቈጣጠር አንብበው አባታችን የኅዳር በሽታ ልጅ ነው ይላሉ። እርሳቸው ራሳቸው ግን በዚያ በሽታ ጊዜ ጥርሳቸውን የነቀሉ፣ ጥጃ የሚጠብቁ ልጅ እንደ ነበሩ ይናገሩ ነበር። እናታቸው ደግሞ «በዘመነ ሉቃስ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የገብርኤል ዕለት፣ ዓርብ ቀን ተወለደ» ይሉ እንደ ነበር በቤተ ሰቡ ይተረካል።

በመጀመሪያ በኅዳር 1911 ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ የተወለደው ከ1903 እስከ 1905 ባለው ጊዜ ነው። በዚህ አካባቢ ዘመነ ሉቃስ የሆኑት 1899፣ 1903 እና 1907 ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱ በወሰኑ ውስጥ የሚገባው 1903 ነው። ከጥምቀት በኋላ ያለው የገብርኤል ዕለት ጥር 19 ነው። ዕለቱ በስሌት ሲመረመር፣ ጥር 19 ቀን በ1899 እሑድ፣ በ1907 ረቡዕ፣ በ1903 ግን ዓርብ ሆኖ ይገኛል። የልጁ ጥርስና የእናቲቱ ቃል፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ በአንድ ቀን ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ዘመነ ሉቃስ ሆኖ ጥር 19 ዓርብ የሚውለው በ28 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሌላው ቅርብ ዓመት 1875 ወይም 1931 ነው፤ ሁለቱም ከነገሩ የራቁ ናቸው።

የልጆቹን ክርክር ያስነሣው ወረቀትም በዚህ ይፈታል። ጥር 19 ቀን 1903 ዓ.ም. በፈረንጅ ጃንዋሪ 27 ቀን 1911 ነው። የጉዞው ወረቀት አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። የቀበሌው 70 ደግሞ ከእውነተኛው 65 ዓመት ጋር በአምስት ይለያያል። ይህም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራና ከዚያ በኋላ በተደረጉትም፣ በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ዕድሜዎች ከአጠገባቸው ካሉት ይልቅ በዝተው ይታያሉ። ሰው ዕድሜውን ሲገምት ወደ ሞላው ቁጥር ያደላልና፣ 70 ተብሎ የተጻፈ ዕድሜ ከ65 እስከ 75 ያለውን እንደሚያመለክት ተደርጎ መወሰድ ይኖርበታል።

ስለ አንዲት ቀን

እዚህ ላይ ሊቃውንትም ሳይቀሩ የሚስቱባት አንዲት ቀን አለች። በፈረንጅ አቈጣጠር 1900 ዓመት ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፤ በእኛ አቈጣጠር ግን ጳጉሜን 6 በየአራት ዓመቱ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለው ቀን ዛሬ በሚሠራበት ሰንጠረዥ ከተመለሰ አንድ ቀን ይዘላል። ዛሬ የካቲት 23 በአብዛኛው ማርች 2 ላይ ሲውል፣ የዐድዋ ጦርነት በፈረንጅ መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። የዐፄ ምኒልክ ልደት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በትክክል ኦገስት 17 ቀን 1844 ተብሎ ተጽፏል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ግን በብዙ መጻሕፍት ጁላይ 23 ቀን 1892 ተብሎ ይገኛል፤ ስሌቱ የሚሰጠው ጁላይ 22ን ነው። ልደታቸው በነገሡበት ዘመን ሲከበር ሐምሌ 16 ጁላይ 23 ላይ ይውል ስለ ነበር፣ የበዓሉ ቀን ወደ ኋላ ተወስዶ የልደቱ ቀን ሆኖ ቀረ። የንጉሠ ነገሥት ልደት እንኳ እንዲህ ከሳተ፣ ማንም ያልጻፈለት ተሸካሚ ልደት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ወሰን ያለው ቁጥር

መሐንዲስ የሚለካውን ሁሉ ከስሕተቱ ወሰን ጋር ይጽፋል። የልደት ዘመንም እንዲሁ ቢጻፍ ብዙ ክርክር ይቀር ነበር። ማስረጃው ቀኑን ከሰጠ ቀኑ፣ ዓመቱን ብቻ ከሰጠ ዓመቱ፣ ከዚያ ያነሰ ከሆነ «ከ1903 እስከ 1905 ባለው ጊዜ» ተብሎ ይጻፍ፤ ከጎኑም ምስክሩ ማን እንደ ነበረና ምን እንዳለ ቃል በቃል ይቀመጥ። ነገ የተሻለ ማስረጃ ሲገኝ ወሰኑ ይጠባል፤ በግምት ተሞልቶ የተዘጋ ቁጥር ግን የሚታረምበት በር የለውም። በዐዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ይወጣ የነበረው በመጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው ዕድሜ እንደ ነበረ ለሚያስብ፣ በአንድ ቀን በችኮላ የተባለ ቁጥር የዕድሜ ልክ ዳኛ እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ማስረጃዎቹም ለዘለዓለም የሚቆዩ አይደሉም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ የጠፋው ሸቀጥ በብር ተገምቷል፤ በየሱቁ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚቃጠለው የአባት ወረቀት ግን በብር የሚገመት አይደለም። ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ የወረደውን ገበያ በዓይናቸው ያዩት አልቀዋል ማለት ይቻላል፤ ከእነርሱ የሰሙት ልጆቻቸው ግን ዛሬም በየበረንዳው ተቀምጠው ይገኛሉ። እነርሱን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ ዝምታን ያተርፋል። «የማን ወንጌላዊ ዘመን ነበር? የየትኛው ታቦት ዕለት? ዝናብ ነበር ወይስ በጋ? ማን ሞቶ ነበር? የት ሆናችሁ ሰማችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ከቁጥር የሚበልጥ መልስ ይዞ ይመለሳል። ዳዊቱና ቁርኣኑም ከሣጥን ወጥተው ባዶ ቅጠላቸው ይታይ፤ የተጻፈበትም በሁለት ቤት እንዲኖር ይገልበጥ።